አርባ ሁለት ኮፍያ፣ አርባ አንድ ሰው

ለክቡር የቡድን ጉብኝት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት፤ ማለትም ስብሰባ ላይ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቢሮዎ ጥላ፣ ወንበርዎ መደገፊያ፣ ጠረጴዛዎም ቀዝቃዛ ውሃ እንደማያጣ ተስፋ አደርጋለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። ጥላና መቀመጫ ያጣ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ቆሞ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን በቅርቡ ስላየሁ፣ ለጠላቴም አልመኘውም፣ ለእርስዎማ እንዴት አድርጌ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ስለመጣልኝ፣ ትዕግሥቴ ከሚመሰገን አይቀር ሕዝብ ባለበት ይመስገን ብዬ ነው። በአራተኛው እውነተኛ መልስ ሰጥተውኛል፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ አነሣዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ደወል ስትደውል፣ ልጆች በበሩ ሲወጡና ሲገቡ ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። ካቻምና መርሳት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የተጣደ ድስት፣ ከዚያ ጎረቤት፣ በመጨረሻም አልፎ አልፎ እኔን። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ «የምትወደው ቦታ ካለ እስካሁን እያወቀችው አሳዪያት፤ ግን አታዘግዪው» አለኝ። የምትወደውን ቦታ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ሩቅ ከተማ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ በሯ ሰማያዊ የሆነች፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ምግብ ቤት ናት፤ ከሟች አባቴ ጋር በሠርጋቸው ማግስት ምሳ የበሉባት። እኔ መኪና አልነዳም፤ የታመመ ሰው ይዤም ማደሪያ ፍለጋ መንከራተት አልችልም። ድርጅትዎ ደግሞ ወደዚያች ከተማ አውቶቡስ ነበረው፤ በራሪ ወረቀታችሁም ላይ «የማይረሳ ሦስት ቀን፤ በየዕለቱ ነፃ ጊዜ» የሚል ተጽፎ ነበር። እንዲህ ነው የተዋወቅነው። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ስለ ነፃው ጊዜ። በየዕለቱ ሃያ ደቂቃ እንደተመደበልን ከአውቶቡሱ ከወጣን በኋላ ተነገረን። ከሃያው ውስጥ አሥራ አምስቱ ለመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ነበር። የቀረችው አምስት ደቂቃ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍጹም ነፃ ነበረች፤ ስለ እሷ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፦ ስለ ምግብ። ሦስቱንም ቀን በአንድ ሰፊ አዳራሽ፣ አርባ ሁለት ሰው በሚይዝ አንድ ጠረጴዛ፣ ዶሮ በሩዝ አቀረባችሁልን። ከተማው በምግቡ የታወቀ መሆኑን የነገረን የራሳችሁ አስጎብኚ ነው፤ የነገረንም ዶሮውን እየታገልን ሳለ፣ በድምፅ ማጉያ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ጉብኝት ውስጥ የራሴን ጉብኝት አበጀሁ። በሰው ካፖርት ላይ የራስን ኪስ እንደ መስፋት ያለ ነገር ነው፤ ልክ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ካፖርቱ ግን ኪስ አልነበረውም። ገና ቤት ሳለሁ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ የእናንተን መርሐ ግብር በቀይ፣ የእኛን በአረንጓዴ እርሳስ ጻፍኩ። እናቴ በደቂቃ አርባ እርምጃ እንደምትራመድ በሰፈራችን መንገድ ላይ ለክቼ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ከአራት መቶ እርምጃ የማይርቅ ነገር ብቻ መረጥኩ። ቀዮቹ የሰም ሐውልት ሲያዩ አረንጓዴዎቹ ወንዙ ዳር ሾርባ ይጠጣሉ፤ ቀዮቹ የምንጣፍ መደብር ሲገቡ አረንጓዴዎቹ በትንሿ ጀልባ ይሻገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሰዓት ሠሩ። ሦስተኛው የሰማያዊው በር ቀን ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ኮፍያውና ስለ አቆጣጠሩ። ለእያንዳንዳችን ቢጫ ኮፍያ ሰጣችሁን። አስጎብኚው፣ በልቤ «ባለማጉያው» ያልኩት ጨዋ ወጣት፣ ሰውን በጣት እየጠቆሙ ፊት ለፊት መቁጠር ነውር ስለሆነ፣ ከድርጅቱ በወረደ መመሪያ መሠረት ከኋላ ቆሞ፣ መንገደኛውን ሳያስጨንቅ፣ ከወንበር በላይ ብቅ ያለውን ኮፍያ ብቻ እንደሚቆጥር በኩራት ነገረን። ይህን የመሰለ ሥነ ምግባር ሌላ ቦታ አላየሁም። ከብት እንኳ ሲቆጠር ፊቱ ይታያል።

ይህን ጨዋነት ቀድሞ የተረዳው ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ጡረተኛ የባቡር ነጂ ነው። እኛ ጋሼ ባቡር እንለው ነበር። «የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር የሚሳፈረው ኮፍያ ነው፤ እኛ ጭነት ነን» ብሎኝ ስቆ፣ እኛ በሌለንበት ሁሉ የእናቴንና የእኔን ኮፍያ በወንበሮቻችን ራስ ላይ ሊያደርግልን ቃል ገባ። እኔም እሱና ሚስቱ ሲጠፉ የእነሱን አደርግ ነበር። በዚህ ዓይነት ለሁለት ቀን ያህል ባለማጉያው «አርባ ሁለት፣ ሙሉ ነን!» እያለ ባዶ ወንበር ሲያስጎበኝ ሰነበተ። እኔ በጣም ሳቅሁ። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ሳቄም በመዝገቡ ይግባልኝ።

አራተኛ፦ ስለ ምሳው። ይህ አቤቱታ አይደለም፤ ግን ያለዚህ ሌላው አይገባዎትም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ፣ አርባ ሰዎች የሻማ ፋብሪካ ሲጎበኙ፣ እናቴን ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። በሩ አሁንም ሰማያዊ ነው። ዓሣ እንደደረስን እንዲቀርብ አስቀድሜ ደውዬ ነበር። እናቴ ገብታ ቀጥ ብላ የመስኮቱ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አላሳያትም። ከዚያ ያለ ምንም ማቅማማት፣ አባቴ ያን ቀን አንድ ሰሃን ዓሣ ብቻ አዝዞ «እኔ ዓሣ አልወድም» እንዳለ፣ እውነቱ የሁለት ሰው ምሳ መግዛት አለመቻሉ እንደሆነ፣ ከዚያም ለውሸቱ ታማኝ ሆኖ እስኪሞት ድረስ ዓሣ ሳይቀምስ መኖሩን ነገረችኝ። ሰሃኑን ገፋ አድርጋ «ብዪ ፌንጣ፤ አንቺም እንደ አባትሽ እንዳትዋሺኝ» አለች። ፌንጣ የልጅነት ስሜ ነው። በዚያ ስም ከጠራችኝ ሰባት ወር አልፎ ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ መነሻው ሰዓት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አውቶቡሱ ዘንድ ደርሰናል፤ እንደሚያዩት ከሰዓቱ አላጓደልንም። እናቴን ከፊት በኩል በወንበር ቁጥር ስምንት አስቀመጥኳት። ሞቋት ስለነበር ኮፍያዋን ከወንበሩ ራስ ላይ አላነሣሁም። እኔም «መጣሁ እማ» ብዬ ወደ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ወረድኩ። ስመለስ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ባለማጉያው «በኋላ በር ግቢ፣ በኋላ! ቶሎ!» አለኝ፤ ገባሁ፤ ጋሼ ባቡር አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር። የምሳውን ወሬ ለሰው ሳልነግር መቆየት አላስቻለኝምና እዚያው ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ከወንበር ቁጥር ስምንት በላይ ቢጫ ኮፍያ አለ። ደክሟት ተኛች አልኩ።

ባለማጉያው ከኋላ ሆኖ ቆጠረ። እኔም ከኋላ ሆኜ ቆጠርኩ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ቁጥር አገኘን።

ስለ ዓሣውና ስለ አባቴ ውሸት ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። የጋሼ ባቡር ሚስት ዓይኗን እየጠረገች ሰማችኝ። ከዚያ ውሃ ላጠጣት ወደ ፊት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የነበረው የእናቴ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው።

ሹፌሩ ሰማይ ይመስክርብኝ ብሎ የነገረኝን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ አሮጊቷ ተነሥተው «ፌንጣ ወርዳለች፤ ልጠራት» ብለውት በፊት በር ወርደዋል። ለምን ለባለማጉያው እንዳልነገረው ስጠይቀው፣ መቁጠር የእሱ ሥራ አለመሆኑን አስረዳኝ። በሥራ ክፍፍላችሁ ጥራት እጅግ ተደንቄያለሁ።

ስድስተኛ፦ ስለ እርስዎ። ባለማጉያው ወዲያው ስልክ ደወለልዎ፤ ለልጁ ክብር ይህን እመሰክራለሁ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ እያለቀስኩ ለመንኩዎ፤ ድምፅዎንም ሰማሁት። የተሰማው ሰላማዊና የተረጋጋ ድምፅ፣ ቆጠራው ሙሉ ሆኖ ከተፈረመ የጎደለ ሰው ሊኖር እንደማይችል፣ ካለም «በራሱ ፈቃድ የተለየ» በሚለው ቅጽ እንደሚመዘገብ፣ የሸክላ ሠሪዎቹ ትርኢት በዘጠኝ ሰዓት ስለሚጀምር አውቶቡሱ መመለስ እንደማይችል አስታወቀን። ጋሼ ባቡር ከኋላ ተነሥቶ «እኔ አርባ ቶን እየጎተትኩ ለአንዲት ፍየል ቆሜ አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሐሳቡ በድርጅትዎ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ስላልገባ አልደረሰዎት ይሆናል።

መንገድ ላይ ወርጄ ሽንኩርት በጫነ መኪና ተመለስኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ።

ሰባተኛ፦ ስለ ደንብ ቁጥር ዘጠኝ። «የጠፋ ሰው አውቶቡሱ ከነበረበት ቦታ አይንቀሳቀስ» ይላል። ባለማጉያው በየጠዋቱ ሲያነበው እናቴ እንደ ተማሪ አብራ ትደግመው ነበር። ከአርባ ሁለት መንገደኛ መካከል ደንባችሁን ያከበረች እሷ ብቻ መሆኗን ስገልጽልዎ በኩራት ነው። አውቶቡሱ ቆሞበት በነበረው፣ በነጭ ቀለም በተከለለው ባዶ አስፋልት መካከል፣ በዚያ ፀሐይ ባዶ ራሷን ቆማ አገኘኋት። የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ወደ ጥላ ሊወስዳት ሲለምናት «አንዲት ልጅ ቀርታለች፤ እሷ ሳትመጣ የትም አልሄድም» ብላ እጁን መታችው። ውሃ አምጥቶላት ነበር። ለልጅቷ ብላ በእጇ ይዛዋለች፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም።

ራሷን ሊከልልላት ይችል የነበረው ኮፍያ፣ እንደሚያውቁት፣ በዚያ ሰዓት እየተቆጠረ ነበር።

ስጠራት አየችኝ። «የኔ እመቤት፣ አንዲት ልጅ አላየሽም?» አለችኝ፤ ወዲያው አስፋልቱ ላይ ወደቀች።

ስምንተኛና የመጨረሻ፦ ስለ መልስዎ። ከእናቴ የዘጠኝ ቀን የሆስፒታል ቆይታ በኋላ በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ አንደኛ ቆጠራው ሙሉ እንደነበረ፣ ሁለተኛ ጉዳቱ የደረሰው መንገደኛዋ ከቡድኑ ውጭ ባወጣችው የግል ዕቅድና በኮፍያው ማጭበርበር ምክንያት እንደሆነ ገልጸዋል። በሁለተኛው ነጥብ ከእርስዎ ጋር ክርክር የለኝም። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ አረንጓዴው እርሳስ የእኔ ነው። ልዩነታችን ትንሽ ናት። እኔ ቆጠራውን ማታለሌን አምኛለሁ። እርስዎ ግን እናቴ አስፋልት ላይ ቆማ ሳለች፣ እኔም በስልክ እያለቀስኩልዎ ሳለሁ፣ ኮፍያውን አመኑት።

በራሪ ወረቀታችሁ ቃሉን ጠብቋል፤ እኔ ሦስቱን ቀን አልረሳቸውም። እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሰማያዊውን በርም፣ ዓሣውንም፣ አባቴንም አታነሣም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። በየጠዋቱ በራችን ላይ ቆማ ሁላችንንም ታሰልፋለች፤ ወንድሜን፣ የምትረዳን ጎረቤታችንን፣ እኔን። መመሪያችሁን ስለማታውቅ የምትቆጥረው ፊት ለፊት ነው፤ በጣቷ፣ ግንባራችንን እየነካች፣ ዓይናችንን እያየች። ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች። «አንድ ጎደለ» ትላለች። «ፌንጣ አልመጣችም። ማንም እንዳይንቀሳቀስ።»

እኔም፣ ግንባሬ ላይ የጣቷ ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ አልንቀሳቀስም።

ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለአውቶቡሶችዎ ቀና መንገድን፣ ለእርስዎም ሳይቆጠሩ የማይታለፉበት ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣

በከፍተኛ አክብሮት፣
የወንበር ቁጥር ዘጠኝ መንገደኛ፤
በወንበር ቁጥር ስምንት የተጓዘው ኮፍያ ባለአደራ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከድርጅትዎ በእናቴ ስም የእርካታ መጠይቅ ደረሰን። «ከጉዞው በይበልጥ የሚያስታውሱት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መስመር ክፍት ቦታ ትታችኋል። ሰጠኋት፤ ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች፤ እንደያዘችው መልሼ ልኬልዎታለሁ። ባዶ ከመሰለዎ ከኋላ ሆነው ይቁጠሩት፤ ሙሉ ይሆናል።