በኪራን ዛፍ ላይ ያሰርኩት ሪባን

ውድ ኖሪን፣

እሁድ በስልክ ስናወራ ድምፄ ልክ እንዳልሆነ ገብቶሽ «አሞሻል እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ብርድ ነው አልኩሽ። ብርድ የለም፤ ደህና ነኝ። ከዚያ ስለ እህትሽ የተሰበረ ዳሌ፣ ስለ ደሴታችሁ ነፋስ አወራንና ዘጋን። ስልኩን ካስቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ካፖርቴን ደርቤ እስከ ሸለቆው አፍ እሄድና እመለሳለሁ። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ከተማ አውቶቡስ ስነዳ እንኳን እንዲህ አልተመላለስኩም። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ድጋፉን አገኘን። አንቺ «የጓንት መግዣ» እያልሽ የምታላግጪበት ያ ለመናፈሻ ወዳጆች የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብ፣ ስንት ጊዜ ከልክለውን ዘንድሮ ለእኛ ሸለቆ ደረሰ። ቁልቁለቱ ላይ የሚተከሉ የኦክ ችግኞች፣ አዳዲስ አካፋዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጡት ሰዎች ትኩስ ሾርባ። አስተባባሪዋ ሊዮራ ትባላለች። ገና ልጅ ናት፣ ጫማዋ ግን ሁልጊዜ ጭቃ ነው፤ ትወጃታለሽ። ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች ዞራ አየችና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችን። ዘር የሚጥል የኖርዌይ ሜፕል፣ ያ ወራሪው ዛፍ፣ አንድም እንኳ መቅረት የለበትም፤ ከቀረ ችግኞቹ ወደ ሌላ መናፈሻ ይሄዳሉ። እኛ በየግንዱ ብርቱካናማ ሪባን እናስራለን፣ ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች መጋዛቸውን ይዘው መጥተው ሪባን ያለበትን ይቆርጣሉ። ትክክል ናት። አንቺም ብትሆኚ ይህንኑ ነበር የምትዪው፣ ያውም ከሷ በባሰ ቁጣ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ አዳዲስ ሰዎች መጡ። አንቺ ታደርጊው እንደነበረው፣ አገር በቀሉን ከወራሪው እንዴት እንደሚለዩ ላሳያቸው ፊታቸው ቆምኩ። «ሁለቱን ሜፕሎች ቅጠላቸውን አይታችሁ አትለዩአቸውም» አልኳቸው። «በአገራችን ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል ነው እያሉ ወራሪውን ጓሮአቸው የሚያሳድጉ ስንት አሉ። የቅጠሉን ዘንግ ስበሩት። የጠራ ውሃ ከወጣው የኛው ስኳር ሜፕል ነው። ወተት የመሰለ ነጭ ከወጣው፣ እሱ ወራሪው ነው።» ደጉን ላስቀድም ብዬ እጄን ወደ ቅርቡ ስኳር ሜፕል ዘረጋሁ። ቅርቡ የኪራን ዛፍ ነበር።

ኖሪን፣ ዘንጉን ስሰብረው ወተት ወጣው።

በልጅሽ ሙት ዓመት በገዛ እጅሽ የተከልሽው ዛፍ! አፈሩን ስትመልሺበት «ኪራንን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ» ያልሽኝ። ሌሎቹ ሜፕሎች በመከር እሳት ሲመስሉ እሱ ዘግይቶ ቢጫ ብቻ ሲሆን «እንደ ልጄ ነው፣ ኪራንም ትምህርት ቤት በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም» እያልሽ ታስቂን ነበር። እኔም ሁልጊዜ አብሬሽ ስስቅ ኖሬአለሁ።

የሕፃን ጋሪ የያዘች አንዲት ሴት «ታዲያ ይሄኛው መጥፎው ነው ማለት ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ እጄ ላይ የፀሐይ ቅባት ነበረ» አልኳት። በዚያ ብርድ! ጎረቤታችን አርማንዶ ሳል እንደያዘው ሆኖ ፊቱን አዞረ። ሊዮራ ዛፉን አየች፣ እኔን አየች። ስንበታተን በሩ አጠገብ ጠብቃኝ የሪባኑን ጥቅል እጄ ላይ አኖረችው። «ሚስ ዊንሰም፣ ሪባኑ እርስዎ ጋ ይሁን። ቦታውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ጥቅሉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ማንም የማይከራከርባቸውን ዛፎች ሁሉ አሰርኩ፤ ወደ ኪራን ዛፍ ስቀርብ እግሬ ይዞር ነበር። በማግስቱ አርማንዶን ከቤቱ ኋላ አገኘሁት። የሱን ዛፍ ታስታውሺያለሽ። ሚስቱ ኦዴቴ በበጋ ከሥሩ ተቀምጣ አተር ትፈለፍልበት የነበረውን ትልቁን ሜፕል፣ ዘሩ ሸለቆውን ያበላሻል ብለሽ ያስቆረጥሽው አንቺ ነሽ። ኦዴቴ አንድ ወር አላናገረችሽም። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ጉቶው ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ጉቶው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን ያጨሳል።

«አየህ አይደል ቅዳሜ?» አልኩት።

«ቅዳሜ?» አለና ሳቀ። «ሹፌሬ፣ አንቺ ቅዳሜ አየሽ። እኔ ስንት ዓመቴ።»

«ምኑን?»

«ኖሪንን ነዋ! በየመከሩ አንሶላ ይዛ ነበር የምትመጣው። ከዛፉ ሥር ታነጥፈዋለች፣ በመጥረጊያ እንጨት ቅርንጫፎቹን ትመታለች፣ ዘሩን አንድ በአንድ ለቅማ በከረጢት ይዛ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ምን ትሠሪበታለሽ ብላት፣ ለገና በር ላይ የሚሰቀል ጌጥ እሠራለሁ አለችኝ። በሯን አይተሻል መቼም። የገና ጌጥ ነበረው?»

አልነበረውም።

«ለምን አልተናገርክም? ያንተን ዛፍ አስቆርጣብህ!»

ሲጋራውን ጉቶው ላይ አጠፋ። «ምን ልበላት ታዲያ? እሷ ልጅ ነው ያጣችው። እኔ ያጣሁት ጥላ ነው።» ከዚያ «ኦዴቴ ብትሰማ ግን ሁለታችንንም አትምረንም ነበር» አለ።

ስለዚህ ታውቂ ነበር። ስትተክዪው ስለ ወራሪ ዛፍ የምታውቂው ነገር አልነበረም፤ ሻጩ ስኳር ሜፕል ነው አለሽ፣ ገዛሽ፣ ተከልሽ። በኋላ ይህን ሁሉ ስትማሪ ግን አንድ ቀን ብቻሽን ሄደሽ ያንን ዘንግ ሰብረሻል። ያን ቀን ምን እንደተሰማሽ ሳስብ አዝንልሻለሁ። ደግሞም ተናድጄብሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ዛፉን ስላቆየሽው አይደለም። ከአንድ ቴርሞስ እየተቀዳን ስንት ክረምት አብረን ቆመን፣ ያንን አንሶላ ለብቻሽ ስለጎተትሽው ነው። አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልሽ ነበር። አርማንዶ አውቆ እኔ አለማወቄ ራሱ አንገብግቦኛል፤ እንደ ሕፃን ቅናት ነው፣ ቢሆንም አንገብግቦኛል።

ኒውፋውንድላንድ የሄድሽው ለአንድ ክረምት፣ እህትሽ እስክትነሳ ነበር። ሁለት መከር አለፈ። በነዚህ ሁለት መከሮች ዘሩን የሚለቅም አልነበረም። አሁን ከኪራን ዛፍ ሥር አንስቶ እስከ ወንዙ ድረስ ቁርጭምጭሚት የሚደርሱ የሜፕል ቡቃያዎች ቁልቁለቱን ሞልተውታል። በአንቺ እጅ የተተከሉት የጫካ አበቦች ከሥራቸው ታፍነው ሞተዋል። ሰኞ ተንበርክኬ መንቀል ጀመርኩ፤ እስከ ምሳ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ እንኳ አላጸዳሁም። ለመነሳት አርማንዶን መጥራት ነበረብኝ። እዚያ ጭቃው ላይ ሆኜ ነው የወሰንኩት። አንቺ እያለሽ አንሶላው ነበረ። አንቺም እኔም ከሌለን በኋላ ማን አንሶላ ያነጥፋል? የሕፃን ጋሪ የያዘችው ሴት? ለሷ ዕዳ ትቼላት መሄድ አልፈለግኩም።

ትናንት ጠዋት አሰርኩት። ማንም አላዘዘኝም። ሊዮራ አልጠየቀችም፣ አርማንዶም አልገፋኝም፤ እንዲያውም ሲያየኝ ቆቡን አውልቆ ወደ ቤቱ ገባ። ግንዱን አቅፌ ሪባኑን ሳዞር ልጅሽን ይቅርታ ጠየቅኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ለአንቺ ምን ብዬ እንደምጽፍ እያሰብኩ ሦስት ጊዜ በሸለቆው ዞርኩ፣ ሦስቴም ሪባኑን ልፈታው እጄን ዘረጋሁ።

ሠራተኞቹ የሚመጡት ኅዳር ውስጥ ነው፤ ቀኑን ከነገሩኝ ወዲያው እደውልልሻለሁ። ታውቂ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሰዎቹ ሁሉ ሻጩ እንዳታለለሽ ብቻ ነው የነገርኳቸው፣ እንደዚያው ይቅር።

ስድብሽን በስልክ አልቀበልም። ነይ ብዬ ስለምንሽ ኖሬ በዛፍ አስፈራርቼ ላመጣሽ ነው፤ አውቃለሁ፣ አያምርም። ግን ናፍቀሽኛል ኖሪን፣ እዚህ ያለሽኝ ጓደኛ አንቺ ብቻ ነሽ። የሚቆረጥ ከሆነ አጠገቤ ቆመሽ ይቆረጥ። ካልሆነልሽ ደግሞ ሪባኑን በእጅሽ ፍቺው፤ አላስቆምሽም፣ ለሊዮራም እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ ችግኞቹም ይሂዱ። ነገር ግን የፈታሽው እንደሆነ ተመልሰሽ አትሄጂም። እዚሁ ትቀሪያለሽ፤ አንሶላውን በየመከሩ ሁለታችን እንይዛለን።

የማሰሪያውን ቋጠሮ አላጠበቅኩትም።

ዊንሰም