ያ የአዲስ ዓመት በር

ኤልስፔት፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ። ድመቷ በልታለች፣ አልቅሳ እንዳታታልልሽ። ቆሻሻው ነገ ጠዋት ይወጣል።

ትናንት የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰዎቹ ጄድብራ ከተማ ያሳለፋችሁትን ልጅነት አውሩልን ሲሉ ያን ታሪክ ማውጣትሽ አንጀቴን አሳርሮታል። ያን ሌሊት ከሰል ላመጣ ከቤት እንደወጣሁ የአዲስ ዓመቱ ደወል ተደወለ። አባባ በሩን ዘግቶ፣ "በአዲስ ዓመት እንዳንቺ ባለ ቀይ ጸጉር ሴት ቀድማ ከገባችማ ዓመቱ ገደቢስ ነው! ጥቁር ጸጉር ያለው ወንድ እስኪመጣ እዚያው ቁሚ!" አለኝ። ባለ ጥቁር ጸጉሩ ጎረቤታችን ዋቲ ሰክሮ እየተንገዳገደ እስኪደርስ በረዶው ላይ ቆምኩ።

አንቺ፣ "ሞራግ ዝናብ እንደመታት ዶሮ ስትንቀጠቀጥ ባያችኋት!" ስትዪ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ፊት ምን ላድርግ?

ግን ያን ሌሊት አባባን በሩን እንደዘጋ ወዲያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው። አንቺ እሳቱ አጠገብ ሆነሽ በመስኮት ታዪኝ ነበር። እኔ መስታወቱን ስደበድብ አንቺ ብስኩት ትበዪ ነበር። ይሄንን ለምን ዋጥሽው?

የአክስታችን ልጅ ጂን ጋ ነኝ። እንዳትደውዪ።

ሐሙስም ድገሚልን ብለውሻል አሉ። ድገሚላቸው። ግን እጅሽ የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ይደርስ እንደነበር ጨምረሽ ንገሪያቸው። ከዚያም ከሳቁ፣ ይሳቁ።

ሞራግ