ስኳሩ ያለው ደሜ ውስጥ ነው

ጅማ፣ አወቱ መንደራ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለልያ፣

ዕድሜዬ ሰባ አንድ ሞላ። ሰባ ሁለትም ሊሆን ይችላል፣ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ውኃዬን ከቦኖ ራሴ እቀዳለሁ። እንጨቴን እፈልጣለሁ። ሸሚዜን አጥባለሁ፣ ቁልፍ ሲበጠስም ራሴ እተክላለሁ፤ ክሩን ብቻ ጎረቤቴ ሸዋረገጥ ታስገባልኛለች፣ የዛሬ መርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ኢንሱሊኔን ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነካኝ ራሴ እወጋለሁ። ይህን ያስቀደምኩት የምትጠይቂውን ስለማውቅ ነው።

አንቺ እንዴት ነሽ? የጀርመን ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል እንደማትወጂው አውቃለሁ። ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «አባባ፣ ደህና ነኝ አይበሉኝ፤ የላክኩልዎ ማሽን ያለችውን ቁጥር ይጻፉልኝ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከመጣ ትምህርቴን ጥዬ እመጣለሁ» ብለሻል። አንድ ዓመት ቀርቶሽ ጥለሽ ልትመጪ። ያንን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

ዛሬ ደግሞ ደመናው ያለ ወሩ መጥቷል። ጓሮ ያሰጣሁት ቡና አለ። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነሥቼ ሰማዩን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ነገሩ የተቆራረጠ ከመሰለሽ ጥፋቱ የሰማዩ ነው። ከመስመር ከወጣሁም ጥፋቱ የደብተሩ ነው፤ ዘንድሮ ሱቅ የመጣው ደብተር መስመሩ የፈዘዘ ነው። ከአንቺ ዘንድ የመጣው ዕንባቆም የእረፍት ጊዜው አልቆ ነገ ማለዳ ይነሣል፤ ደብዳቤውን በኪሱ ይዞልሽ ስለሚመጣ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ያቺን ማሽን በሻንጣው ይዞልኝ የመጣ ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ንቄያት ነበር። የቡ ከተማ ቡና መፈልፈያው ቤት ስሠራ ቡና መድረቁን በጥርሴ ነክሼ የምናገር ሰው ነበርኩ። የገዛ ደሜን ነገር የሳሙና ቅርፊት የምታክል ዕቃ ትነግረኛለች ብዬ አላሰብኩም። ዕንባቆም ግን ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። ጣት ይወጋል፣ ጠብታዋ በቀጭኗ ወረቀት ጫፍ ላይ ትደረጋለች፣ ማሽኗ ጢጥ እስክትል ይጠበቃል፣ በጥጥ ይጠረጋል፣ ወረቀቷ ትገባለች፣ ቁጥሩ ይወጣል። ከአሥር በታች ከሆነ ጥሩ፣ ከአሥር ካለፈ ምግቡን ቀንስ አለኝ። ያስቸገረኝ የጥጡ ነገር ነው። ጠንክረሽ ከጠረግሽ ትዋሻለች፣ ካልጠረግሽ ትዋሻለች። እንደ ሰው ናት።

ቆይ፣ ንፋስ ተነሣ።

መጣሁ። ሸራውን አለበስኩት።

አሁን ይህች ማሽን ያመጣችብኝን ጣጣ ስሚ። ሸዋረገጥን ታውቂያታለሽ፣ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። «ከጀርመን ምን መጣልዎ?» ስትለኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ «የስኳር መለኪያ» አልኳት። እሷ ይህንኑ ይዛ ቀበሌ ሱቅ ሄደች። ያን ሰሞን ስኳር ጠፍቶ ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፍ ነበር። እሷም እዚያ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ምንም ሳታስብ፣ «የጋሽ ኤርሲዶ ልጅ እኮ የስኳር መለኪያ ላከችላቸው» አለች።

ምን እንደተሰማ አንቺው ገምቺ። ስኳር የሚመዝን ሰው የሚመዝነው ስኳር አለው ማለት ነው።

በማግሥቱ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች በራፌ ላይ ቆሙ። ከእነሱ ጋር የሱቁ ሠራተኛ ቲጃኒ ነበር፤ ያ ረጅሙ፣ ስኳርና ሳሙና በራሽን ካርድ የሚያድለው። አንደኛው ጥበቃ፣ «የደበቁት ስኳር ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ።

«ስኳሩ ያለው ደሜ ውስጥ ነው» አልኩት።

«ስኳር ደሙ ውስጥ የሚደብቅ ሰው ዛሬ አየሁ» አለና ጓደኛውን አየው። ጓደኛው አልሳቀም፤ አልጋዬ ሥር ገብቶ ያገኘው እንስራ ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ነበር። እርጥብ አሸዋ ነው ያገኘው። አሸዋው ውስጥ ደግሞ የኢንሱሊን ብልቃጤን።

«አሸዋ ለምን ደበቁ?» አለኝ።

«እንዲቀዘቅዝ ነው፤ የበረዶ ሳጥን ስጠኝና አሸዋውን ውሰድ።»

ቲጃኒ ግን ካርዴን ይዞ የመጣ ነው። «አባ ኤርሲዶ፣ ስኳርዎን በየወሩ ይወስዳሉ። ቡናዎን ደግሞ በጨው እንደሚጠጡ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ታዲያ ስኳሩ የት ይሄዳል?» አለኝ። ለሸዋረገጥ እንደምሰጣት፣ እኔ እንደማይፈቀድልኝ ነገርኩት። አፏን ብቆጣም ሰው ፊት ላዋርዳት አልፈለግኩም፣ ግን ውሸት ደግሞ አላውቅበትም።

በመጨረሻ ጣቴን ወጋሁላቸው። ሦስቱም አንገታቸውን ሰብስበው ከማሽኗ ላይ ተደፉ። ቁጥሯ ስትወጣ ያ ጥበቃ፣ «ይሄ ኪሎ ነው ወይስ ፓውንድ?» አለ። ቲጃኒ ሳቀና ጣቱን ዘረጋልኝ። «በሉ እኔንም ይመዝኑኝ፣ ስኳር መሸጥ እንጂ መላስ አላውቅም።»

ሃያ ሁለት አለች።

እንደ መጀመሪያው ሳቁበት። «የሱቁ ስኳር ተገኘ» አለ ጥበቃው። ቲጃኒ ግን የእኔን ፊት አይቶ ሳቁን አቆመ። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ። «ውኃ ይጠማሃል?» አልኩት። «ማን የማይጠማው አለ» አለኝ። «ሽንትህ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል?» አልኩት። ካርዴን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ለጥበቃዎቹ፣ «እዚህ ቤት ስኳር ሂንጂሩ፣ የለም፣ እንሂድ» ብሎ ይዟቸው ወጣ።

በማግሥቱ ብቻውን መጣ። ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ፣ ነርሷም እንደኔው መሆኑን ነገረችው። አሁን በየጁምዓው ከስግደት ሲወጣ እኔ ዘንድ ይመጣል። እሱን እለካዋለሁ፣ እሱም እኔን። የላክሽው ወረቀት በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው መቀለብ ስለጀመረ እያለቀ ነው። አትቆጪ። አንቺስ ብትሆኚ ሰውየውን በሩ ላይ ትመልሺው ነበር?

ቁጥሩን እሱ እንዲያነብ አድርጌያለሁ፣ እንዲለምድ ብዬ ነው። በዚያም ላይ የማሽኗ ባትሪ ደክሟል መሰለኝ፣ ቁጥሩ ጉም የለበሰ ይመስላል። ቲጃኒ ከሱቅ አዲስ ባትሪ ፈልጎ ከተተልኝ፣ እንደዚያው ነው። የዛሬ ባትሪ እንዲህ ሆኗል። የመርፌውም ብርጭቆ በመቀቀል ብዛት መስመሩ ጠፍቷል። ለዚህ መላ አበጅቻለሁ። ቲጃኒ ነርሷ ያዘዘችልኝ ልክ ላይ ክር አሰረበት፣ እኔ ክሩን በጥፍሬ እየዳበስኩ እስባለሁ። እድሜዬን ጆንያ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጥፍሬ አይሳሳትም።

ባለፈው ጁምዓ ተጨቃጨቅን። «አባኮ፣ ለልያ ይጻፉላት» አለኝ።

«እጽፋለሁ እኮ።»

«ሁሉንም ይጻፉላት። አለዚያ እኔ እጽፋለሁ።»

«ምን ብለህ ልትጽፍ?»

«የማየውን።»

«የምታየውን እኔ እጽፋለሁ፤ አንተ ቁጥሩን አንብብልኝ» አልኩት። ወላሂ እያለ ተቆጥቶ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። በነጋታው ግን ባትሪ ይዞ የመጣው እሱው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ተኩራርፈን እንለካካለን።

እንግዲህ ቁጥሩ ይኸውልሽ። መስከረም ላይ አሥራ አራት ነበረች፤ የመስቀል ሰሞን ጎረቤት ያበላኝ ነው። ጥቅምት ላይ አሥራ አንድ። ዛሬ ጠዋት ዘጠኝ። ዘጠኙን ቲጃኒ እያኮረፈ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበልኝ፣ ስለዚህ እመኚው። በዘጠኝ ማንም ትምህርቱን ጥሎ አይመጣም።

ደግሞ ተነሥቼ ነበር። ዝናብ የሰማሁ መስሎኝ ወጣሁ፣ የሸዋረገጥ ገብስ ነው፣ ስታበጥር። ሸራውን አነሣሁት፣ ቡናው ይተንፍስ። ጥቂቱን ነከስኩት፣ ሦስት ፀሐይ ይቀረዋል።

ነርሷ አንድ ነገር ብላኝ ነበር። አዲስ አበባ ዓይን ውስጥ መብራት አብርቶ የሚያይ ሐኪም አለ፣ ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ መታየት አለበት፣ ከቆየ አይመለስም አለች። ሁሉ ያለችው ስለ ሁሉም ሰው ነው፣ ስለኔ ብቻ አይደለም። ቡናው ይሰብሰብ ብያት ወጣሁ። ቲጃኒ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። የጭቅጭቁ ሥር ይህ ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍልሽ ሳስበው፣ ቡናው ሰበብ አይሆነኝም፣ ሦስት ፀሐይ ብቻ ነው የቀረው።

ልጄ፣ አንቺ የምታውቂው ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅ። የጸሎት ቤታችን በር ዛሬም እንደታሸገ ነው፤ እኛ ግን በየቤታችን ስምሽን እናነሣለን፣ ድምፅ ቀንሰን። እጅሽ የሚነካው በሽተኛ ይዳን። እንጀራሽ የሰው ፊት የማያሳይ ይሁን። በባዕድ አገር የእናት ያህል የምታይሽ አንዲት ሴት አትጣሽ። የጀመርሽውን ፈጽመሽ ወረቀትሽን በእጅሽ ይዘሽ ያስገባሽ።

የብር ዕዳ የለብኝም፣ ስለዚያ አታስቢ። ያለብኝ ዕዳ ሌላ ነው፤ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም፣ አንቺም ብትሆኚ።

ለሸዋረገጥ፦ በስኳሩ ነገር ከተቆጣኋት ወዲህ ክሩን የምታስገባልኝ ዝም ብላ ነው። ይቅርታዬን እከፍላታለሁ፣ የጣራዋንም ቀዳዳ ክረምት ሳይገባ ራሴ ወጥቼ እደፍናለሁ።

ለእናትሽ፦ መቃብሯ ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ መመንጠር አለበት። ከቀብሯ ወዲህ ለሌላ ሰው እጅ አልሰጠሁትም፣ አሁንም አልሰጥም።

ለቲጃኒ፦ «አዲስ አበባ አብሬዎት ልሂድ» ሲለኝ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብዬ መልሼዋለሁ። የፊታችን ጁምዓ ሲመጣ እሺ እለዋለሁ። ከዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ክፍያ ይህ ነው።

ለአንቺ፦ የሄድሽ ቀን አውቶቡስ ተራ ላይ፣ ስትመለሺ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሳትጠሪኝ እለይሻለሁ ብዬሻለሁ። እከፍላለሁ። ያን ዕለት በጠዋት ሄጄ ከበሩ ፊት ለፊት እቆማለሁ። አንቺ ብቻ ሳቅሽ የእናትሽ ነውና፣ ስትወርጂ ዝም ብለሽ እንዳትወርጂ።

አባትሽ
ኤርሲዶ
በገዛ እጁ