የሃይደራባዱን ጉዞ ማን ነገረው?

ፓላካድ፣ ኦገስት 11 ቀን 2023

ውድ አባባ፣

ነገሩ የተበላሸው የባሌ የፕራሾብ ጠበቃ «ሃይደራባድ» ያለ ጊዜ ነው። እስከዚያች ቃል ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። እኔና እማማ ጠበቃዬ ሹባ ቢሮ ተቀምጠን ዴልሂ ያለውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስክሪን እንከታተላለን። ዳኛዋ አቤቱታዬን አይተው ባሌ ናግፑር ላይ የከፈተው የፍቺ ክስ እዚህ ፓላካድ ወዳለው የቤተሰብ ፍርድ ቤት እንዲዛወር ሊያዙ ምንም አልቀራቸውም። ሹባ እስከ ናግፑር ያን ሁሉ ሩቅ መንገድ አብሮኝ የሚጓዝ ሰው እንደሌለኝ አስረድታ ጨርሳለች። ይኼኔ የእሱ ጠበቃ ተነሣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ባለፈው ወር ለሥራ ፈተና ብቻቸውን ሃይደራባድ ደርሰው የተመለሱ ሴት ናግፑር መምጣት ያቅታቸዋል?»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «እውነት ነው?» አሉ። እውነት ነበር። ውሳኔው ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።

እማማ ከቢሮው እስክንወጣ እንኳ አልጠበቀችም። «ኮቺ ከተማ ጓደኛዬ ሠርግ ላይ ነበርኩ አላልሽኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

«የወለድኩሽ እኔ፣ ወሬሽን የሚሰማው እሱ! ጉድ እኮ ነው!»

ቤት ስንገባ አጎቴ ሱኩማራን ላይ ወረደችበት። «አንተ ነህ! ሻይ ቤት ተጎልተህ የቤታችንን ጉድ የምትዘራው!»

«ኧረ እህቴ፣ በዚህ ቤት ወሬ መጨረሻ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው! ሚስት እንደታጨችልኝ እንኳ ከጎረቤት ነው የሰማሁት!»

እሷ ሳትወድ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ሃይደራባዱ ፈተና ለሹባ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። በስልክ ሳጫውትዎ «ጎበዝ ልጄ፣ ለማንም አትንገሪ» ያሉኝን ያስታውሳሉ።

ከዚያ የናግፑር ባቡር ጣቢያ ትዝ አለኝ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ስሄድ ፕራሾብና ወንድሙ ልክ እኔ ከምወርድበት በር ፊት ቆመው ጠበቁኝ። ያን ሁሉ ፉርጎ ትተው! ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁኝ፤ «ቤትሽ ግቢና እንነጋገራለን» እያሉ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ስጮህ ሁለት አትክልት ሻጮች መሃላችን ባይገቡ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልዎ ከየት እንደሆነ አላውቅም። ሻንጣው ውስጥ የነበረው የዲግሪ ማስረጃዬ እስካሁን እሱ ጋ ነው። ያን ትኬት ከሚሠሩበት ከመስካት ከተማ ሆነው የቆረጡልኝ እርስዎ ነበሩ። የፉርጎዬን ቁጥር እኔ ራሴ ያወቅሁት እርስዎ ሲልኩልኝ ነው።

ፕራሾብ አርብ አርብ እንደሚደውልልዎ እህቴ አናጋ ነገረችኝ። እርስዎም አሁንም «ልጄ» ይሉታል አሉ። ለእሷ ሲሉ ይሆናል፤ እህቷ ከባሏ የተፋታች ልጅ ማን ያጫታል ብለው። ግን አናጋ ራሷ «አንቺ ክንድሽን ተይዘሽ ተጎትተሽ የሚመጣልኝ ባል ይቅርብኝ» ብላኛለች። ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ አባባ። መሳሳትን እንደዚህ ተመኝቼ አላውቅም።

ሹባ በጣቢያው ስለሆነው ነገር በመሐላ ቃሌን ለፍርድ ቤቱ ልታስገባ ነው። «መምጣትሽን በምን አወቀ?» ብላ ጠይቃኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም። ዳኛዋ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።

የእማማ ጉልበት ተሽሎታል፤ ዝናቡም ሜዳውን አረስርሶታል። ያሉበት አገር ሙቀት እንዳይጎዳዎ ውኃ ይጠጡ። አምላክ ከሰው አገር በጤና ይመልስልን።

እንግዲህ የምሄድበትን እየነገሩ እኔን ለዚያ ሰው አሳልፎ መስጠትን፣ ከዚያም «ለአንቺው ብዬ ነው» መባልን ከማንም አልቀበልም። ከእርስዎም ቢሆን፣ አባባ።

ልጅዎ
አርድራ