የጭራቆቹ አያት የተቀበሩበት ጉድጓድ የእኔ የቆጮ ጉድጓድ ስለ መሆኑ

ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ድብልብል፣
የጉርምርም አምባ ገዥ፣ የዘጠኙ በሮች ባለቤት፣ የበግ ፈረሰኛ ጦር አዛዥ፣
ጉርምርም አምባ፣ ከዲላ በላይ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ የጆሮዎችዎ ርዝመትና የግንብዎ ውፍረት እንደ ነበሩ ናቸውን? እኔ ከግንብዎ ውጭ እስካለሁ ድረስ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ማዕረግዎን ሁሉ በሙሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በፊት ያቀረብኳቸው አሥራ አንድ ማመልከቻዎች እያንዳንዳቸው አንዳች ማዕረግ ጎድሏቸው ስለ ተገኙ፣ «ነገ ተመለሺ» የሚለው ማኅተምዎ እየተመታባቸው ተመልሰውልኛል። እንዲህ ያለውን የአክብሮት አጻጻፍ የለቀምኩት ባለሱቁ ነዚፍ ስኳር ከሚጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መካከሉ ላይ የተቀደደ ቢመስልዎ ጥፋቱን በስኳሩ ላይ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤው በገበያ የሚለጠፍ ነውና ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። ክቡርነትዎና ሕዝብዎ፣ ማለትም ቁመታቸው ከሰው ጉልበት የማያልፍ፣ ጆሯቸው ግን የጎመን ቅጠል የሚያህል አረንጓዴ ጭራቆች፣ ባለፈው ክረምት ከዱር ወጥታችሁ ከእኔ የእንሰት ጓሮ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሰፈራችሁ። በስድስት ቀን ውስጥ የተመሸገ ከተማ ሠራችሁ። ግንቡም ቁልቁለቱን ወርዶ፣ የቆጮ ጉድጓዴን ታቅፎ፣ ሽቅብ ተመለሰ። ጉድጓዱ ዛሬ ከአደባባያችሁ መካከል ይገኛል። በውስጡ ያለው ቆጮ ለልጄ ለእታገኝ ሰርግ ብዬ ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርኩት ነው። ሰርጉ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ አክብሮት ነው።

፩ኛ፦ ስለ ግንቡ። ከሁሉ አስቀድሜ እንዲህ ያለ ምሽግ በሰፈራችን ስለ ቆመ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለእርከናችን የደረደርናቸው ድንጋዮች፣ የሦስት ቤት ወፍጮና የጎረቤቴ የሰፊያ የጓዳ በር በአንድነት ተሰልፈው ጠላት ሲጠብቁ ማየት ያኮራል። ከግንቡ ላይ የተጠመዱት የቀርከሃ መድፎች የሚተኩሱት የቡና ፍሬ ብቻ መሆኑም የክቡርነትዎን ርኅራኄ ያሳያል። ፍሬው ከእኛው ዛፍ የተለቀመ ነው፤ የሚለቀመው ግን ገና ሳይቀላ ነው፤ ጥቂት ቢታገሡልን ኖሮ ከተተኮሰብን በኋላ ለቅመን እናሰጣው ነበር።

ስለ ዘጠኙ በሮችም ላመስግን። ከዘጠኙ ስምንቱ በከሰል የተሳሉ መሆናቸውን የተረዳሁት አንደኛውን ከጠዋት እስከ ቀትር ካንኳኳሁ በኋላ ነው። ከግንቡ ጫፍ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ሲያየኝ የቆየውን ዘበኛ ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው፣ «እናቴ፣ የትኛው በር በር እንደ ሆነ መናገር እኮ የጦር ምስጢር ማውጣት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ምስጢሩን እጠብቃለሁ፤ እውነተኛው በር ከሰፊያ ጓዳ የተነቀለው መሆኑን ለማንም አልናገርም።

፪ኛ፦ ስለ አያትዎ። ቆጮ እንዲቦካ ሲቀበር በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከላዩ ከባድ ድንጋይ እንደሚጫንበት በዚህ አገር ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሕዝብዎ ግን ድንጋዮቹን አየ፣ ሽታውን አሸተተ፣ እንግዲህ እዚህ አንድ ታላቅ ሰው ተቀብሯል ብሎ ደመደመ። ስሕተቱን አልቀየምም። በየኮረብታው የጥንት ሰዎች በመቃብር ላይ ያቆሟቸው ድንጋዮች ስላሉን፣ ለእንግዳ ሰው ድንጋይ ሁሉ መቃብር ሊመስለው ይችላል።

ነገር ግን ስሕተቱ ሥራ አገኘ። በዚህ አገር መሬት የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሰው አያቱን ይቆጥራል፤ አያቱ ያረፈበት መሬት ርስቱ ነው። እናንተ ደግሞ የመጣችሁት ባለፈው ክረምት ነው። አያት በጣም ያስፈልጋችሁ ነበር፤ እነሆ በእኔ ጉድጓድ ውስጥ ተገኙላችሁ። ሰው የሚያህል ድንጋይ አቁማችሁም «ቀዳማዊ ድብልብል፣ የሁላችን አያት፣ የዚህ ምድር ባለርስት» ብላችሁ ጻፋችሁበት። ክቡርነትዎ በየአደባባዩ እንደሚናገሩት ዕድሜዎ መቶ አርባ ዓመት ነው። አያትዎን እኔ በእጄ ፍቄ የቀበርኳቸው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከልጅ ልጃቸው በመቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚያንሱ አያት ያለው ሹም በመላው አገራችን እርስዎ ብቻ ስለ ሆኑ እንኳን ደስ ያለዎ ለማለት እወዳለሁ።

ይህን ለማስረዳት በችሎትዎ ፊት የቆምኩበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ጸሐፊዎ ቃሌን ሲመዘግብ «ሴትዮዋ አያታችን ምግብ ናቸው አለች» ብሎ ጻፈ፤ ችሎቱም ለረጅም ጊዜ በሐዘን አፏጨ። ከዚያ ክቡርነትዎ በሦስት ትራስ ላይ እንደ ተቀመጡ በጥሞና ጠየቁኝ።

«ወይዘሮ፣ ቆጮ ከሆነ መሬቱ የማን ሊሆን ነው?»

«የእኔ» አልኩ።

«እንግዲያው ቆጮ አይደለም» ብለው ፈረዱ።

እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች አንዲት የጠፋች ዶሮ ለመፍረድ ዛፍ ሥር ሁለት ቀን ይቀመጣሉ።

፫ኛ፦ ስለ አማቼ። የልጄ አማት የምትሆነው ወይዘሮ ካሳነሽ ባለፈው ወር ከይርጋጨፌ ድረስ መጥታ ነበር። ሙሽራ የሚወስድ ቤት የሙሽራይቱን እናት ጉድጓድ አይቶ፣ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ አሽትቶ መሄድ ልማዳችን ነው። የት ነው ብትለኝ ግንቡን አሳየኋት። ባንዲራውን፣ መድፎቹንና በበግ ተቀምጠው የሚዞሩትን ወታደሮችዎን አሻቅባ አየችና «ቆጮሽ እዚያ ምን ይሠራል? ተቀጠረ እንዴ?» አለችኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ብዙ አልናገርም፤ ቡና ቀዳሁላት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ «እንግዲህ በሰርጉ እሑድ ከጉድጓድሽ ካልበላን፣ ሰርጉ ለከርሞ ይደር» ብላ ተነሣች። ልጄ ከምሰሶው ጀርባ ቆማ ሰምታለች። ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ክቡርነትዎ ስለ ልጄ ጤና ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ይህን በራሴ ፈቃድ ማሳወቄን ይቅር ይበሉኝ።

፬ኛ፦ የሰፊያ በጎች ፈረሶች አይደሉም። ይመለሱላት።

፭ኛ፦ ይህ እንኳ አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ሕዝብዎ ሲያዝን ያፏጫል እንጂ ማልቀስ አያውቅም፤ ስለዚህ በየሐሙሱ ለአያትዎ የሚደረገው ሐዘን ከሩቅ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ የጠፋ ከብት የሚፈልግ ይመስል ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግንቡን ተደግፌ ሳለቅስ ክቡርነትዎ ሰምተው አስጠሩኝ፤ «ለአያታችን እንዲህ አንጀት የሚበላ ለቅሶ ያለቀሰ የለም» ብለውም የአምባው ዋና አልቃሽ አድርገው ሾሙኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያለቀስኩት ለአያትዎ አልነበረም። ያንን ጉድጓድ የቆፈረው ሟቹ ባሌ ዘነበ ነው። እታገኝ ስትዳር እኔው እከፍተዋለሁ ይል ነበር። እሱ ያረፈው ከወንዙ ማዶ ነው፣ በላዩም የቆመ ድንጋይ የለም። በእሱ እጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ለማይታወቅ ሰው ሲፏጭ ብሰማ እንባዬ መጣ። ይህ ግን ለሹመቱ እንቅፋት አልሆነም፤ እንባው እንደ ሆነ ያው እንባ ነው።

የሹመት ደብዳቤዬ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ የተጻፈ ነው። አልቃሽዋ አምስት ረዳት ሴቶች እንድታስገባ ይፈቅዳል። መቃብሩ የለበሰው የእንሰት ቅጠል በየሐሙሱ በአዲስ እንዲለወጥ፣ አሮጌውም በክብር ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዛል። ቅጠሉ በሚለወጥበት ሰዓትም ማንኛውም ጭራቅ የአያቱን ገላ እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት ጆሮዎቹን በዓይኖቹ ላይ እንዲያጥፍ ይደነግጋል። ይህን ሁሉ ያረቀቁት ክቡርነትዎ እንደ ሆኑ ታሪክ ይመዝግብልን፤ እኔ ያሳሰብኩት የቅጠሉን ነገር ብቻ ነው።

ስድስት ሐሙስ አገለገልን። አሮጌውን ቅጠል በጀርባችን አዝለን ስንወጣ ዘበኞችዎ ሁልጊዜ ተነሥተው እጅ ነሥተውናል። አንዱ ብቻ ጎብጠን ስንሄድ አይቶ «ቅጠል እንዲህ ይከብዳል?» ብሎ ጠየቀን። ከረዳቶቼ አንዷ የሆነችው ሰፊያ ዘወር ሳትል «የከበደውስ ሐዘኑ ነው፣ ልጄ» አለችው። ልጁ እስክንርቅ ድረስ አፏጨ። ሰፊያም ስንመለስ በራሷ በር ማለፏን አልረሳችም፤ በየጊዜው መቃኑን ዳበስ ታደርገው ነበር።

፮ኛ፦ ስለ ትናንቱ አዋጅ። የአያትዎ ሽታ ከሐሙስ ወደ ሐሙስ እየቀነሰ መሄዱ ሕዝቡን አሳስቦት እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ ግን ትናንት የቆመው ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ ሽታው የጠፋው የአያታችን ነፍስ ዕረፍት ስላገኘች ነው፣ ይህም የሆነው በአልቃሻችን ትጋት ነው ብለው አወጁ። በሕዝብ ፊት እንዲህ ተመስግኜ ስለማላውቅ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር። በአዋጁ ውስጥ አንድም ሐሰት እንደሌለ በበኩሌ እመሰክራለሁ።

እንግዲህ ከላይ ለተዘረዘሩት ሁሉ ፍርድ አልጠይቅም፤ ማመልከቻ መጻፍም ትቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ በልጄ ሰርግ ላይ ክቡርነትዎ፣ ችሎትዎና የፈረሰኛ ጦርዎ እንድትገኙልን በትሕትና እጠራለሁ። ለቁመታችሁ የሚስማማ ዝቅ ያለ ዳስ ተሠርቷል። ወይዘሮ ካሳነሽም ስማችሁን ከእኔ ሰምታ ልታያችሁ ጓጉታለች። በጎቹን ይዛችሁ ብትመጡ ባለቤታቸው ሰፊያ እዚያው ስለምትገኝ መልሳችሁ የመንዳት ድካም አይኖርባችሁም።

ጆሮዎችዎ ከመታጠፍ እንዲያርፉ፣ ትራስዎ ከሦስት ወደ አራት ከፍ እንዲል፣ የተሳሉት በሮችዎም በዝናብ እንዳይታጠቡ እየጸለይኩ፣ ከግንቡ ሥር እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ዋና አልቃሽ፣
ሙሉካ ጂግሶ

ግልባጭ፦
ለነዚፍ ሱቅ በር፣
ለዲላ ገበያ፣ ጨው ተራ፣
ለወይዘሮ ካሳነሽ፣ ይርጋጨፌ፣
ከስምንቱ የተሳሉ በሮች ለአንዱ፤ የትኛው እንደ ሆነ መናገር የጦር ምስጢር ነው።

ማስታወሻ፦ በሰርጉ ላይ አያትዎን ያገኟቸዋል። በስድስት ሐሙስ ውስጥ በአሮጌው ቅጠል ተጠቅልለው፣ ዘበኞችዎ እጅ እየነሡላቸው፣ ከአምባው በሰላም ወጥተዋል። እሑድ በቅቤ ታሽተው ከጎመን ጋር ይቀርባሉ። ጭራቅ ሰው ይበላል ሲሉን አድገናል፤ ጭራቅ አያቱን አጣጥሞ ሲደግም ግን ለማየት የመጀመሪያዎቹ እኛ እንሆናለን። ጉድጓዱም ቢሆን ባዶውን አልቀረም፤ የቆመው ድንጋይ እንዳይዋሽብዎ አሥራ አንዱን ማመልከቻዎቼን በንጹሕ ቅጠል ጠቅልዬ በአያትዎ ቦታ ቀብሬልዎታለሁ። አንድ ቀን ስለ ርስታችሁ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ቆፍራችሁ አሳዩት፤ መልሱ በራስዎ ማኅተም አሥራ አንድ ጊዜ ተመቶበታል።