ሬጌ ቤቱ በር ላይ የተነጠፈው ባንዲራ

ሐዊዬ፣
ሰላምታው ይቆይና ንዴቴን ልተንፍስ። ትናንት የአክስቴ ልጅ ናኦሚ ዳላስ ያለ የጃማይካዎች ሬጌ ቤት ወሰደችኝ። ዝናብ ነበር። በሩ ላይ ባለአንበሳው ባንዲራ ተነጥፎ ሰው ሁሉ ጭቃውን ይጠርግበታል! እኛ ናዝሬት ቀበሌው ባንዲራ ሲያወርድ ጋሪ እንኳ ይቆማል። ናኦሚ ጫማዋን ጠርጋበት «ኦኬ፣ ምንጣፍ ነው እኮ!» አትለኝም? ጠቅልዬ ይዤው ገባሁ። ጃማይካዊቷን የቤቱን ባለቤት ላፋጥጣት ስል ቀድማኝ ጮኸች፤ «ማነው ከግድግዳዬ ላይ ያወረደው?» በረኛው አንገቱን ደፋ። የኛው አገር ልጅ! «ሰው እንዳያዳልጠው ብዬ ነው» አለ። ሴትዮዋ ጭቃውን በቀሚሷ ስትጠርግ ስድቤን ትቼ ጫፉን ያዝኩላት።
እናትሽን ሳሚልኝ። ማታ ባንዲራ ሲወርድም ስለ እኛ ብለሽ ትንሽ ጨምረሽ ቁሚ።
ኤዶም