የሲሀም የማክሰኞ ክፍል ይከፈት

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቡርቃ አባያ ክፍለ ከተማ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ጉዳዩ፦ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናትና ለወላጆቻቸው የተከፈተው የማክሰኞ ትምህርት መዘጋቱን ስለመቃወም

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ዚነት ይማም በ2015 ዓ.ም. ከኪራሙ ተፈናቅዬ ነቀምቴ የገባሁ እናት ነኝ። ልጄ ሲሀም ይስማው ሁለት ዓመት ከአሥር ወሯ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ጥቅምት 25 ቀን በጻፈው ደብዳቤ የምንማርበትን ክፍል ዘግቶብናል። ያ ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር። የእኔ ይረዝማልና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ አመለክታለሁ።

1. በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲሀምን ላስከትብ በወሰድኩበት ጤና ጣቢያ፣ ስሟን ስጠራት ዞር እንደማትል ተናገርኩ። ጆሮዋን ያየላት የለም። ባለሙያዋ ቤታችን አማርኛ፣ ሰፈሩ ኦሮምኛ መሆኑን ጠይቃ “ሁለት ቋንቋ ነው ያደናገራት፤ በአንዱ ብቻ አናግሪያትና ጠብቂ” አለችኝ። በክትባት ካርዷ ላይም ይህንኑ ጻፈች። የካርዱ ኮፒ ተያይዟል።

2. እኛም አመንን። የምታድገው ከሰፈሩ ልጆች ጋር ነው ብለን አማርኛን ከቤታችን አስወጣን። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሽንኩርት አስመዝንበታለሁ እንጂ ልጅ አላባብልበትም። እሹሩሩ ማለት እንኳ ተውኩ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ለማትሰማ ልጅ ቋንቋ ስንመርጥ ከረምን። ይህን የምጽፈው በኀዘን ብቻ ሳይሆን በንዴትም ነው።

3. ነገሩን የደረሱበት ጎረቤቴ አዴ ሜቲ ናቸው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባለቤቴ ባጃጁን ከግቢ ሊያወጣ ሲል ሲሀም ከፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ክላክሱን ደጋግሞ አስጮኸው። እኛ ደነገጥን፣ እሷ ጠጠሯን ትደረድራለች። አዴ ሜቲ ሮጠው አነሷትና “ኢንተሎ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ልጅ አልተደናገረችም፤ አትሰማም” አሉኝ። አዲስ አበባ ወስደን ስናስመረምራት ሁለቱም ጆሮዎቿ ከባድ ችግር እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ሐኪሙ “ሳትውሉ ሳታድሩ የምልክት ቋንቋ ጀምሩ፤ እስካሁን ያለፈው ጊዜ ይበቃል” አሉን።

4. ኦቦ ቀነአ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ራሳቸውም መስማት የተሳናቸው ናቸው። ከነሐሴ ጀምሮ ማክሰኞ ጠዋት ሱቃቸውን እየዘጉ በወጣቶች ማዕከል አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ያለ ክፍያ ያስተምሩን ነበር። ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ ይማራል። ልጁን አቅፎ ከአኖ ከተማ ድረስ የሚመጣ አባት አለ። ሲሀም በሦስት ወር ውስጥ በእጇ ውሃ፣ ወተት፣ አባባ ማለት ቻለች። ለእኔ መጀመሪያ ያለችኝ ግን “እምቢ” ነው፤ ፊቷን ላጥባት ስል። እምቢ ተብዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

5. ደብዳቤዎ ልጆቹ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ይጠብቁ፣ አስተማሪውም የምስክር ወረቀት የላቸውም ይላል። ክቡር ኃላፊ፣ የሚሰማ ልጅ አፉን የሚፈታው በሰባት ዓመቱ ነው? እናቱስ ልታናግረው የምስክር ወረቀት ተጠይቃ ታውቃለች? አንድ ጊዜ ጠብቂ ተብዬ ጠብቄያለሁ። ሁለተኛ አልጠብቅም።

ስለዚህ ክፍሉ ባስቸኳይ እንዲከፈትልን፣ የምስክር ወረቀት የግድ ከሆነም ያለው ሰው ከኦቦ ቀነአ ጎን እንዲመደብ እንጂ እሳቸው እንዳይነሱብን እጠይቃለሁ። ለጤና ጣቢያውም ደብዳቤ ጽፈው የልጄ ካርድ እንዲታረም ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ለክትባት የሚመጣ ሕፃን ሁሉ፣ በቤቱ የሚነገረው የትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ጆሮው ይታይለት።

ይህ እስኪፈጸም ትምህርቱ አይቋረጥም። ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስድስታችንም ቤተሰቦች በጽሕፈት ቤትዎ በረንዳ ላይ እንማራለን። ወንበር አንጠይቅም፣ ምንጣፍ ይዘን እንመጣለን። ትምህርታችን ድምፅ ስለሌለው ሥራዎን አይረብሽም። በመስኮት ብቅ ካሉ ግን ያዩናል።

መልስ ከሚጠብቅ ሰላምታ ጋር

ዚነት ይማም
(ፊርማ)
የሲሀም እናት